የጠርሙስ ቤት

ሰው የማይሰበስበው ነገር የለም። አንዱ ቴምብር፣ ሌላው የጥንት ገንዘብ፣ ሌላው ደግሞ ቢራቢሮ እየሰበሰበ በመስተዋት ሥር ያኖራል። ይህን የሚያይ ሰው ሁሉ «መልካም ሥራ ነው» ብሎ ያልፋል። ባዶ ጠርሙስ የሚሰበስብ ሰው ያጋጠመው እንደ ሆነ ግን ቆም ብሎ ከሁለት ነገሮች አንዱን መጠርጠሩ አይቀርም፤ ወይ ሰውዬው ጠጪ ነው፤ ወይ ደግሞ ጤናው ታውኳል። በዩጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ ኦልድ ካምፓላ በሚባለው ኮረብታማ ሰፈር ይኖር የነበረውን ኢትዮጵያዊ መምህርም ጎረቤቶቹ በመጀመሪያ የጠረጠሩት በእነዚሁ በሁለቱ ነበር።

መምህሩ ግን ከሻይ በስተቀር የሚቀምሰው መጠጥ አልነበረውም። አገሩ ሳለ ለብዙ ዓመታት ኬሚስትሪ ሲያስተምር ኖሮ፣ ኑሮው አላስቀምጥ ሲለው በኬንያ በኩል አድርጎ ካምፓላ የገባ፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ ጸጥተኛ ሰው ነበር። በካምፓላ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ለመመዝገብ ወደ ኦልድ ካምፓላ መውጣት የተለመደ ስለ ነበረ፣ እርሱም ለዚሁ ጉዳይ አንድ ማለዳ ወደ ኮረብታው ወጣ፤ ሰልፉ ረጅም ነበርና በማግሥቱም ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንት እዚያው አቅራቢያ አንዲት ክፍል ተከራየ። ክፍሊቱ ሕንዶች በሠሩት አሮጌ ቤት ጓሮ የምትገኝ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ሲሚንቶ የሆነ ጠባብ ክፍል ነበረች። ከአንድ አገሩ ልጅ ጋር በደባልነት ተቀመጠባት።

ኦልድ ካምፓላ ማለት «የቀድሞዋ ካምፓላ» ማለት ነው፤ ስሙም ያለ ምክንያት አልተሰጠውም። ኮረብታው ጥንት ኢምፓላ የሚባሉ የሚዳቋ ዓይነት እንስሳት የሚሰማሩበት ስፍራ ስለ ነበረ «የኢምፓላ ኮረብታ» ይባል እንደ ነበርና ለመላው ከተማ የተረፈው ስም ከዚሁ እንደ መጣ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1890 መጨረሻ ላይ ሻምበል ፍሬደሪክ ሉጋርድ የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን የአንድ የንግድ ኩባንያ ወኪል ሆኖ፣ የሱዳን ወታደሮችን አስከትሎ ወደ ቡጋንዳ መጣ፤ በዚህም ኮረብታ ላይ ሰፍሮ ምሽግ ሠራ። ከዚያ በኋላ አስተዳዳሪዎችና ነጋዴዎች ተከተሉ። ዛሬ በኮረብታው ራስ ላይ ከሩቅ የሚታየው ትልቁ የዩጋንዳ ብሔራዊ መስጊድ ነው። መስጊዱ በተሠራበት ጊዜ የሉጋርድ ምሽግ ከቦታው ተነሥቶ በአቅራቢያው በአምሳያው ተተክቷል።

ሰዎች መቶ ዓመት ሙሉ ሲኖሩበት፣ ሲበሉበትና ሲጠጡበት የቆየ ኮረብታ ደግሞ ከሥሩ አንድ ነገር መያዙ አይቀርም። በአንድ የዝናብ ወራት ከቤቱ ጀርባ የነበረው የጎርፍ መውረጃ ተደረመሰና ሠራተኞች ሊጠግኑት መጥተው ሲቆፍሩ፣ ከጭቃው ጋር አንድ እንግዳ የሆነ ጠርሙስ አወጡ። ጠርሙሱ መቀመጫ አልነበረውም። ታቹ እንደ እንቁላል የሾለ ስለ ሆነ ቢያቆሙት ይወድቃል። ሠራተኞቹ ሥቀውበት ወደ ዳር ወረወሩት። መምህሩ አንሥቶ በባልዲ ውኃ አጠበው፤ ወደ ብርሃንም ያዘው። አረንጓዴ ነበር፤ በውስጡም የአየር ነጠብጣቦች እንደ ዘር ተበትነውበታል። «የማይቆም ጠርሙስ ማን ሠራ? ለምንስ ሠራ?» የሚለው ጥያቄ ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሣው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቹ ጥያቄ ሲያቀርብ የኖረ ሰው፣ አንድ ጥያቄ ራሱ ሲቀርብለት ደስ ሳይለው አልቀረም።

መልሱን ያገኘው ከወራት በኋላ፣ መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ከሚዘረጋ ነጋዴ ከገዛው አንድ የውጭ መጽሔት ላይ ነው። እንደዚህ ያለው ጠርሙስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር የጋዝ ውኃ ይያዝበት የነበረ ዕቃ ነው። በዚያ ዘመን የጠርሙስ መክደኛ ቡሽ ነበር። ቡሽ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ ሲሸማቀቅም ጋዙ ሾልኮ ይወጣል። ጠርሙሱ መቆም ካልቻለ ግን ሁልጊዜ ይጋደማል፤ ከተጋደመም ውኃው ቡሹን እያራሰ ያቆየዋል። እንግዲህ ጠርሙሱ የማይቆመው ሠሪው ስለ ተሳሳተ ሳይሆን አርቆ ስላሰበ ነው። መምህሩ ይህን ባነበበ ጊዜ ጠርሙሱን ከአልጋው ሥር አውጥቶ፣ ሁለት እንጨት መስቀለኛ አድርጎ በሠራለት መደገፊያ ላይ አክብሮ አጋደመው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠርሙስ ማንበብ ተማረ። ጠርሙስ ይነበባል ሲባል የሚያስቅ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። የጠርሙስን ዕድሜ የሚናገረው በላዩ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ ብቻ አይደለም። ቀድሞ ጠርሙስ የሚሠራው በሰው ትንፋሽ ነበር። ሠራተኛው የቀለጠውን መስተዋት በብረት ቧንቧ ጫፍ ላይ ጠቅልሎ እፍ እያለ ይነፋዋል። ከነፋው በኋላ አፉን ለማበጀት ሲል መቀመጫውን በሌላ ብረት ዘንግ ላይ ያጣብቀዋል፤ ዘንጉ ሲላቀቅ በመቀመጫው ላይ ሻካራ ጠባሳ ይቀራል። በጠርሙስ ታች እንዲህ ያለ ጠባሳ ያየ ሰው፣ ጠርሙሱ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተሠራ መሆኑ አጠራጣሪ ነው ብሎ ሊገምት ይችላል። ቀጥሎ ደግሞ ትንፋሹ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ የሚነፋበት ዘመን መጣ። ማውጫው ሁለት ክፋይ ስለ ሆነ፣ ክፋዮቹ የሚገጥሙበት ቦታ በጠርሙሱ ጎንና ጎን ላይ የልብስ ስፌት የመሰለ መስመር ይተዋል። አፉ በእጅ የተበጀ እንደ ሆነ መስመሩ አንገቱ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። መስመሩ እስከ አፉ ጫፍ ከዘለቀ ግን ጠርሙሱ የመኪና ሥራ ነው። በአሜሪካ ማይክል ኦውንስ የተባለው ሰው ጠርሙስ የሚሠራውን መኪና ለሥራ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1903 አካባቢ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የነፊው ትንፋሽ ቀስ በቀስ ከጠርሙስ ፋብሪካ ወጣ።

ቀለሙም ይናገራል። ተራው አረንጓዴ መልክ በአሸዋው ውስጥ ካለው ብረት የመጣ ነው። ይህን አረንጓዴ ለማጥፋት ሠሪዎች ማንጋኒዝ ይጨምሩበት ነበር። እንዲህ ያለው ንጹሕ ጠርሙስ ለብዙ ዓመታት ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ወደ ሐምራዊነት ይለወጣል። መምህሩ ይህን ሲያነብ ከወንበሩ ተነሥቶ በክፍሊቱ ውስጥ ተንጎራደደ፤ ለብዙ ዓመታት በሰሌዳ ላይ ሲጽፈው የኖረው ማንጋኒዝ ፀሐይን ጠብቆ መልኩን የሚለውጥ መሆኑን ማንም አልነገረውም ነበርና። ሌላም አለ። የመርዝ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ ገላው በመስመርና በጉብጉብ የተሞላ ነው፤ በጨለማ መድኃኒት ፈልጎ እጁን የሚሰድድ ሰው በመዳሰስ ብቻ እንዲጠነቀቅ የተበጀ ነው።

ጠርሙሶቹ ቁጥራቸው ወደ አርባ ሲጠጋ ጎረቤቶቹ ነገሩን ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም። በዚያው ግቢ ይኖሩ የነበሩ፣ ሁሉም «ጃጃ» ማለትም አያት እያለ የሚጠራቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። አንድ ቀን ከበሩ ቆመው መደርደሪያውን ሲያዩ ቆዩና ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ይህማ ኤንዩምባ ያ ማዬምቤ ነው» አሉ። ልጆቹ ሁሉ ሣቁ። መምህሩ ግን ምን እንደ ተባለ አልገባውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዩጋንዳ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1908 የተመሠረተው በዚሁ በኦልድ ካምፓላ ኮረብታ፣ በሉጋርድ ምሽግ ውስጥ በነበረ አነስተኛ ቤት ነው። በዚያ ቤት ከተሰበሰቡት ዕቃዎች መካከል በባህላዊው እምነት መንፈስ ያድርባቸዋል የሚባሉ፣ በሉጋንዳ ቋንቋ ማዬምቤ የሚሰኙ ነገሮች ስለ ነበሩ፣ ሕዝቡ ሙዚየሙን «የማዬምቤ ቤት» እያለ ይጠራውና ይፈራው ነበር። ሙዚየሙ በ1940ዎቹ ወደ ማኬሬሬ ተዛወረ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1954 በኪታንቴ ኮረብታ ላይ ለራሱ በተሠራለት ቤት ገባ። ስሙ ግን በአሮጊቲቱ አፍ ላይ ቀርቶ ነበር። መምህሩ ታሪኩን ባወቀ ጊዜ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ኮራ። በአንድ ኮረብታ ላይ ሁለተኛው ሙዚየም መሆን ቀላል ነገር አይደለም።

ያ መጽሔት የነገረው ሌላም ጉዳይ ነበር። በሌሎች አገሮች ጠርሙስ ሰብሳቢዎች ማኅበር አላቸው። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በሳክራሜንቶ ከተማ ጥቂት ሰብሳቢዎች እ.ኤ.አ. በ1959 ማኅበር አቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ በየከተማው እንደዚህ ያሉ ማኅበራት ስለ በዙ፣ በ1969 አገር አቀፍ የሆነ ፌዴሬሽን ተመሠረተ። በእንግሊዝም እንዲሁ በ1970ዎቹ ብዙ ሰዎች አካፋ ይዘው የቀድሞ ዘመን የቆሻሻ ጉድጓዶችን መቆፈር ጀመሩ። በአሜሪካ ደግሞ ከሁሉ የተወደደው የመቆፈሪያ ቦታ አሮጌ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው፤ የቀድሞ ሰዎች ባዶ ጠርሙሳቸውን የሚጥሉት፣ አንዳንዱም ከሚስቱ ተደብቆ የጠጣበትን የሚሰውረው እዚያ ነበርና።

እነዚህ ማኅበራት በየጊዜው ትርኢት ያደርጋሉ። ትርኢቱ በሰፊ አዳራሽ ይሆናል። ሻጩ ጠረጴዛ ይከራያል፤ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ ጠርሙሶቹን ይደረድራል። ገና በሩ ሳይከፈት ውጭ ሰልፍ ይያዛል። ገዢ ገብቶ አንዱን ጠርሙስ ሲያነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው ማየት አይደለም፤ አውራ ጣቱን በጠርሙሱ አፍ ዙሪያ ያዞራል። ዓይን የሳተውን ስብራት ጣት አይስተውም። ከዚያ ወደ ብርሃን አንሥቶ ስንጥቅ፣ ጭረትና ዝገት የመሰለ ጉም ይፈልጋል። የፀጉር ያህል ስንጥቅ የአንድን ጠርሙስ ዋጋ እጅግ ዝቅ ታደርገዋለች። የእኛ አባቶች «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ያሉት ይህን ትርኢት አይተው አይደለም፤ ቃሉ ግን ከዚያ አዳራሽ በር ላይ ቢጻፍ ማንም አይከራከርም። በአዳራሹ አንድ ጥግ ደግሞ ሽማግሌ ሰብሳቢዎች ተቀምጠው፣ ከየቤቱ አሮጌ ጠርሙስ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ምንነቱን በነፃ ይነግራሉ። አታላይም አይጠፋም፤ ተራውን ጠርሙስ በጨረር አስመትቶ፣ ፀሐይ በብዙ ዓመታት የምታመጣውን ሐምራዊ ቀለም በአጭር ጊዜ አውጥቶ የሚሸጥ አለ። መምህሩ በመጽሔቱ ላይ ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ ያነበበው ስለ ሽማግሌዎቹ ጥግ የተጻፈውን ነበር።

በካምፓላም ሆነ በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ማኅበር ስለ መኖሩ ሰምቶ አያውቅም። ይህ ለምን እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አሰበበት፤ ያገኘውም መልስ ከልጅነቱ የመጣ ነው። ጉለሌ ሲያድግ ጠርሙስ የሚጣል ነገር አልነበረም። የዘይቱ ጠርሙስ ታጥቦ ማር ይገባበታል፤ የአረቄው ጠርሙስ ጠበል ይቀዳበታል፤ የቢራው ላምባ ይያዝበታል። ላምባ የገባበት ጠርሙስ ደግሞ ወደ ምግብ ስለማይመለስ፣ ማር መያዣነቱ ቀርቶ ዕድሜ ልኩን ከምድጃው ጥግ ይቆማል። ከዚህ ሁሉ የተረፈውን «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው ገዝቶ በጆንያ ይሸከመዋል። ይህ ጥሪ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ያጠረ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ቆርቆሮ ብቻ ሳይሆን ጠርሙስም ጫማም ይወስድ ነበር። ጠርሙሱ ከእርሱ እጅ መርካቶ ይገባል፤ ከመርካቶም እንደገና ሰው ቤት ይመለሳል። ጠርሙስ የሚያርፈው ሲሰበር ብቻ ነው። ካምፓላም ከዚህ ብዙ አትለይም። በሉዚራ ከ1946 ጀምሮ ያለው ጠማቂ ፋብሪካም ሆነ በጂንጃ ያለው፣ የቢራ ጠርሙሶቻቸው ተመልሰው ይሞላሉ፤ ባዶውን ከነሳጥኑ ያልመለሰ ነጋዴ ሙሉውን የሚወስደው መያዣ ከፍሎ ነው። ከሙዝ የሚወጣው ዋራጊ የተባለው አረቄም ለብዙ ዓመታት በትንንሽ የላስቲክ ከረጢት ሲሸጥ ቆይቶ በ2019 ከረጢቱ ሲከለከል ወደ ጠርሙስ ተመልሷል። በነገራችን ላይ ዋራጊ የሚለውን ቃል አንዳንዶች ከእንግሊዝኛ ያመጡታል፤ ሌሎች ግን ከሉጋርድ ዘመን የሱዳን ወታደሮች ጋር ከገባው የዐረብኛ ቃል ያያይዙታል። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ዋራጊና የእኛ አረቄ የአንድ አያት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

እንግዲህ አሮጌ ጠርሙስ ለመሰብሰብ በቅድሚያ ጠርሙስ የሚጥል ሕዝብ ያስፈልጋል። ባልተጣለበት አገር ከመሬት የሚወጣው ስባሪ ብቻ ነው። ታዲያ በኦልድ ካምፓላ መሬት ውስጥ ሳይሰበሩ የቆዩት የትኞቹ ናቸው ቢባል፣ መምህሩ እንደ ገመተው፣ ማንም እንደገና ሊገለገልባቸው ያልቻለ ናቸው። የማይቆም ጠርሙስ ላምባ አይያዝበትም፤ ማርም አይቀመጥበትም። ከጥፋት ያዳነው አለመጥቀሙ ነው።

ከስብስቡ ሁሉ መምህሩ አብልጦ የሚወደው ግን አንድ ብይ ያለበትን ጠርሙስ ነበር። ይህ ጠርሙስ አንገቱ ተቆንጥጦ የጠበበ ሲሆን በውስጡ አንዲት የመስተዋት ብይ ትንከባለላለች። የፈለሰፈው ሃይራም ኮድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ ዘመኑም 1872 ነው። ጠርሙሱ ተዘቅዝቆ ይሞላል፤ ሲሞላ ጋዙ ብይዋን ገፍቶ በአፉ ውስጥ ካለው የጎማ ቀለበት ጋር ያጣብቃታል። ሌላ መክደኛ አያስፈልገውም። ለመጠጣት ብይዋን በጣት ወደ ውስጥ መግፋት ብቻ ነው። በ1892 በአሜሪካ ቆርኪ ከተፈለሰፈ በኋላ እንዲህ ያለው ጠርሙስ በብዙ አገር ቀረ፤ በሕንድ ግን «ጎሊ ሶዳ» እየተባለ እስከ ዘመናችን ዘልቋል። ሳይሰበር የሚገኘው ጥቂት ነው። ለዚህም ምክንያቱ የየአገሩ ልጆች ናቸው፤ ብይዋን ለማውጣት ጠርሙሱን መስበር ግድ ነውና።

በግቢው ውስጥም አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ይህ ልጅ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከበሩ ላይ ቆሞ ያን ጠርሙስ ይመለከታል። «ሙዜ፣ ቢሰበር ብዩ ለማን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል። መምህሩም «አይሰበርም» ብሎ ይመልሳል። ይህ ጥያቄና መልስ በሁለቱ መካከል እንደ ሰላምታ ሆኖ ነበር።

አንድ እሑድ መምህሩ በግቢው ውስጥ ሁለት ሳንቃ ዘርግቶ፣ ነጭ አንሶላውን አንጥፎ ጠርሙሶቹን ደረደረ። ተመልካቾቹ ልጆች፣ ጃጃና በሩን አልፈው የገቡ ሁለት የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ነበሩ። ልጆቹን አውራ ጣት በጠርሙስ አፍ ላይ ማዞርን አስተማራቸው፤ የስፌቱን መስመር እየተከተሉ የት ላይ እንደሚጠፋ እንዲፈልጉ አደረጋቸው። ጃጃ የመርዙን ሰማያዊ ጠርሙስ ዳስሰው ቶሎ እጃቸውን ሰበሰቡ። በሳንቃው መካከል ግን መምህሩ አንድ ቦታ ባዶ ትቶ ነበር። ልጆቹ ምን ሊቀመጥበት እንደ ሆነ ሲጠይቁት በጣቱ በአየር ላይ ሥሎ አሳያቸው፤ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅምና ቀጭን። እናቱ በበዓል ቀን ብቻ ከሳጥን የምታወጣውን ብርሌ ነበር። ከአገሩ ሲወጣ በፌስታል የያዘው የትምህርት ማስረጃውን፣ ሁለት ሸሚዝና አንድ ፎቶግራፍ ነው። ብርሌ ይዞ የሚሰደድ ሰው የለም።

የደባሉ ነገር ግን እየከረረ ሄደ። ወጣቱ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ሌሊት እየሠራ፣ ቀን የሚተኛው በጠርሙስ መካከል ነበር። የሁለት ወር ኪራይ ሲዘገይ ተናገረ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ሁሉ ጠርሙስ የሚገዛ አንድ ሰው አግኝቻለሁ። በኪሎ ነው። ለማቅለጫ።»

«በኪሎ?» አለ መምህሩ።

«በኪሎ። ባለቤቱ ዓርብ ካልከፈላችሁ ውጡ ብሎናል። ጠርሙስ አንለብሰው።»

መምህሩ አልመለሰለትም። ልጁ ትክክል መሆኑን ያውቃል። ያን ሌሊት ከአርባዎቹ መካከል ተራ የሆኑትን፣ ስፌታቸው እስከ አፍ የዘለቀውን የቢራና የለስላሳ ጠርሙሶች ለይቶ በጆንያ ከተተ። ሃያ ሰባት ሆኑ። ለቀሩት ግን እጁ አልታዘዝለት አለ።

በማግሥቱ ሐሙስ ቀን አንድ ጠና ያለ የሕንድ ተወላጅ ሰው ከልጁ ጋር ሆኖ በግቢው በር ላይ ቆመ። ለመግባት ፈቃድ ጠየቀ። የተወለደው በዚህ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1972 ኢዲ አሚን እስያውያን በ90 ቀን ውስጥ አገሪቱን ለቀው እንዲወጡ ባዘዘ ጊዜ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሱቃቸውንና ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ይህ ሰውም ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። በ1990ዎቹ ብዙዎች ተመልሰው ቤታቸውን ተረክበዋል፤ የእርሱ አባት ግን እንግሊዝ አገር እንደ ሄዱ ዐረፉና ቤቱን የጠየቀ አልነበረም። አሁንም የመጣው ለማየት ብቻ ነበር።

ጃጃን በሉጋንዳ ሰላም አላቸው። ጃጃም ሳቁና እንደ ቤት ልጅ መለሱለት። ከዚያ ግቢውን ሲዞር በተከፈተው በር በኩል መደርደሪያውን አየ፤ ቆመ። ሳይጠይቅ ገብቶ ባለ ብዩን ጠርሙስ አነሣ፤ ዘቅዘቅ አደረገው። ብይዋ ኳ ብላ ተንከባለለች።

«አባቴ ከእነዚህ አንድ ሳጥን ሙሉ ነበረው» አለ። «እኔ አንዱን ለብዩ ብዬ ሰብሬ፣ ስባሪውን ከወጥ ቤቱ ጀርባ አቮካዶው ሥር ቀበርሁት። ደረሰበትና ገረፈኝ። ቆሻሻችን ሁሉ የሚቀበረው እዚያ ስለ ነበረ የሚያገኘው አልመሰለኝም ነበር።»

ልጁ ሰዓቱን ተመለከተ፤ አውሮፕላናቸው በዚያው ሌሊት ነበር። ሰውዬው ጠርሙሱን መልሶ ሊያስቀምጥ እጁን ዘረጋና ተወው። ዋጋውን ጠየቀ። ወጣቱ ደባል ከአልጋው ላይ ቀና አለ።

መምህሩ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። በመጽሔቱ ላይ እንደዚህ ያለ ጠርሙስ ምን ያህል እንደሚያወጣ አንብቧል። የኪራዩንም መጠን ያውቃል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው።

«ስትወጡ ምን ይዛችሁ ወጣችሁ?»

ሰውዬው አሰበ። «እናቴ የነሐስ ማሰሮዋን ልትወስድ ፈልጋ ነበር። ሻንጣው አልዘጋ አለ» አለ።

መምህሩ ጋዜጣ ፈልጎ ጠርሙሱን በሦስት እጥፍ ጠቀለለው፤ በሲባጎም አሰረው። ገንዘብ አልተቀበለም። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ወጣቱ ብዙ ጊዜ ግድግዳውን ሲያይ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ኪራዩስ?» አለ። መምህሩ ጆንያውን አሳየው።

ሃያ ሰባቱ ጠርሙሶች ያስገኙት ገንዘብ ለኪራዩ ትንሽ ነበር። ወጣቱ ከደመወዙ ብድር ተቀበለና ቀሪውን ሞላ፤ ለሦስት ቀንም አላነጋገረው። የቤቱ ባለቤት የአንዱን ወር ተቀብሎ ሁለተኛውን እስከ ወር መጨረሻ አዘገየ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መምህሩ ከባለቤቱ ፈቃድ ጠይቆ፣ ከጎረቤት አካፋ ተውሶ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሄደ። አቮካዶው ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። ወጣቱ በር ላይ ቆሞ ሲያየው ቆየና ሳይናገር መጥቶ አካፋውን ተቀበለው። ትንሹ ልጅ ከጉቶው ላይ ተቀመጠ። እስከ ጉልበታቸው ያህል ሲቆፍሩ አመድ፣ የሸክላ ስባሪ፣ የዝገት ቆርቆሮና የላም አጥንት አገኙ። ከዚያ በታች ጠርሙስ ነበር፤ ሁሉም ግን ስባሪ ነው። መምህሩ በርከክ ብሎ በእጁ እየጠረገ አንድ በአንድ አወጣቸው። ከመካከላቸው አንዱ አንገቱ የተቆነጠጠ፣ ትከሻው እስከ ሆዱ የተሰበረ አረንጓዴ ጠርሙስ ነበር።

ልጁ ከጉቶው ዘልሎ ወረደ። ጠርሙሱን ተቀብሎ ገለበጠው፤ አፈሩ ፈሰሰ። በጣቱ ውስጡን ጠረገ።

«ብዩስ?» አለ።

መምህሩ አፈሩን እንደገና በእጁ እያበጠረ ፈለገለት። ወጣቱም ፈለገ። እስኪመሽ ድረስ ሦስቱም ከጉድጓዱ አልወጡም።